ሰው በሻማ ሲለካ

ድፍ! ይል ነበር በሩ።

ያን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም። እንደ ተራ በር ጓ አይል፣ እንደ ቆርቆሮ በር አይንኳኳ። በሁለት ጣውላ መካከል ቡሽ የታጨቀበት፣ ውፍረቱ ስንዝር ተኩል የሚሆን፣ ጠርዙ ዙሪያውን ጎማ የለበሰ በር ነው። ሲዘጋ ጎማው መጀመሪያ አየሩን ጨመቅ ያደርገውና ቀጥሎ ድፍ! አለቀ፤ የገባ ገባ፣ የቀረ ቀረ። ልክ ሊገጥም ሲል በስንጥቁ የምታመልጥ አንዲት የአሞኒያ ሽታም ነበረች፤ አፍንጫን ቆንጠጥ፣ ዓይንን እንባ እንባ ታደርጋለች። ያኔ የከተማው ሰው ለሠርግ የሚሆን በረዶ፣ ለልኳንዳ የተቀመጠ ሥጋ፣ ለሐኪም ቤት የመጣ መድኃኒት ሲፈልግ ወደዚያ በር ነበር የሚሄደው።

በሩን የሚዘጋው ሰው አንድ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ዘጋው። መክፈት የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ ሥጋ ተሸካሚው ይከፍታል፣ በረዶ ጫኙ ይከፍታል፣ አለቃው ደስ ሲለው ይከፍታል። የእሱ ሥራ መዝጋት ነው። ከበሩ ውጭ፣ በስተቀኝ በኩል፣ ሦስት እግር ባላት በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ሲገባ ከኋላው «በሩን!» ይላል፤ ሰው ሲወጣ ከኋላው «በሩን!» ይላል። በቀን ውስጥ ከዚህ የተለየ ቃል ካፉ ከወጣ ሠራተኞቹ ዝናብ ሊጥል ነው ይሉ ነበር። ጎረቤቱ የሆነው ፀጉር አስተካካይ ቃሉን አንስቶ ስም አደረገለት፦ ጋሽ በሩን። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው ከዚያ ወዲያ የደመወዝ መዝገቡ ብቻ ነበር።

በረዶ ቤቱን ያስተዳድር የነበረው አንድ ያረጀ መሐንዲስ ነው። ይህ መሐንዲስ በአንድ የበጋ ጠዋት ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሰው ሣለ፤ በሰውየው ሆድ ውስጥም አምፖል ሣለ።

«ሰው ማለት» አለ ጠመኔውን እያወዛወዘ፣ «የመቶ ሻማ አምፖል ማለት ነው። ምንም ሳይሠራ ተቀምጦ እንኳ የመቶ ሻማ አምፖል ያህል ያሞቃል። ሲሸከም ሁለት መቶም ሦስት መቶም ይገባል። ልዩነቱ፣ አምፖል ማጥፊያ አለው፤ እናንተ የላችሁም። ስለዚህ ግቡ፣ አንሱ፣ ውጡ!»

ሌሎቹ ሳቁ። አንዱ ጫኝ ሆዱን ይዞ «እኔ ትናንት ማታ ጠፍቼ ነበር» ብሎ ቀለደ። ጋሽ በሩን አልሳቀም። በልጅነቱ ጸሎት ከተማረበት ቀን ወዲህ እንዲህ ልቡ ውስጥ የገባ ነገር ሰምቶ አያውቅም። በዚያው ቀን ሰሌዳው ከበሩ አጠገብ ተሰቀለ። የገባው ሰው ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ከጎኑም ሻማው፤ ሁሉንም የሚጽፈው እሱ ሆነ። የራሱ ስም ግን አንድም ቀን ሰሌዳው ላይ ሰፍሮ አያውቅም። ለምን ይስፈር? እሱ ውጭ ነው።

ዘመን ተለወጠና በየቤቱ ፍሪጅ ገባ፤ በረዶ ቤቱ ተዘጋ። የመጨረሻውን መዝጊያ የዘጋው፣ ግፍ ነው ያሰኛል፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት በመኪና የመጣ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ነበር፤ እሱም ሁለቴ ሞክሮ ነው የገጠመለት። ጋሽ በሩን ጡረታ ሲወጣ ሦስት ነገር ይዞ ወጣ፦ ሰሌዳውን፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀል የነበረውን የሙቀት መለኪያና በርጩማዋን። ሚስቱ ከደጅ ቆማ ተቀበለችው። ደስ ብሏት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ውጭ የተቀመጠ ባል እንግዲህ እቤት ሊቀመጥላት ነው ብላ ደስ ብሏት ነበር፤ ምን ታውቃለች ምስኪን።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳናዛባ አንድ ነገር መመስከር ይገባናል፦ ሰውየው ልክ ነበር። በሽታውም እሱ ነው። የሚሳሳት ሰው አንድ ቀን ያፍርና ዝም ይላል፤ ልክ የሆነ ሰው ግን በምን ይዘጋል?

የቆርቆሮ ጣሪያውን በኖራ ለቀለቀው፤ ከፎቅ ላይ ለሚያየው ሰው ቤቱ ፋሻ የታሰረ ራስ መሰለ፤ ነገር ግን እኩለ ቀን ላይ የጎረቤት ጣሪያ በሙቀት ጠጠር እንደ ወደቀበት ሲንጣጣ የእሱ ዝም ይላል። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ሐረግ አሳደገ። መስኮቶቹን ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ በጆንያ ጋረዳቸው። ሚስቱ ያማረ መጋረጃዋን ይዛ ብትለምነው፣ «መጋረጃ ከውስጥ መስቀል ሌባውን ሳሎን አስገብቶ በር እንደ መቆለፍ ነው፤ ፀሐይቱ መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ የማንን ዓይን ልትከልዪባት ነው?» አላት። ከኮርኒሱ በላይ በግራና በቀኝ ሙቅ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ በሳ፤ ወፍ እንዳይገባበት በወንፊት ሽቦ ሸፈነው። አምፖሎቹን ሁሉ በማይሞቁት ለወጣቸው። ፍሪጁን ከምድጃው አርቆ፣ ከግድግዳውም ስንዝር አስለቅቆ አቆመው፤ ጀርባውን በየወሩ እንደ ፈረስ ይጠርግለታል። ጎህ ሲቀድ መስኮት ሁሉ ይከፈታል፤ ልክ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን መስኮት ሁሉ ይዘጋል፤ እስከ አመሻሽ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ንጉሥም ቢመጣ አይከፈት።

ይህም አልበቃው። ከመግቢያው በር በስተውስጥ ሁለተኛ በር አስገጠመ። በሁለቱ መካከል አንድ ሰው በቁሙ የምትይዝ ጠባብ ቦታ ቀረች፤ እንደ በረዶ ቤቱ ቅዝቃዜ እንዳያመልጥ ማለት ነው። ሕጉም እንደዚያው፦ የውጭው ሳይዘጋ የውስጡ አይከፈትም። የሁለቱንም ጠርዝ በአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ጎማ ለበጠና፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የውጭውን በር ቢገፋው፦ ድፍ! አለ። በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ደግሞ ገፋው። ድፍ! ሚስቱ በኋላ ለእህቷ ስትነግራት፣ «እኔን ያገባ ቀን እንደዚያ አልሳቀም» ብላለች።

እውነትም ውጭ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ሲሆን የጋሽ በሩን ሳሎን ሃያ አራት ነው። የጎረቤቱ የመብራት ቆጣሪ እንደ እብድ ሲሽከረከር የእሱ ያንቀላፋል። መንገደኛ ሁሉ በደጁ ሲያልፍ «የታደለ ቤት!» ይላል። በደጁ ሲያልፍ ነው ታዲያ፤ የሚገባስ የለም።

ምክንያቱም ሰሌዳው ሳሎን ተሰቅሏል።

መጀመሪያ የተመዘገበው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሳይቀልድ መቆየት አይችልም ነበር፤ ገና በሁለቱ በሮች መካከል ቆሞ ሳለ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ልገነዝ ነው ወይስ ልገባ?» ብሎ ጀመረ። ገባ፤ ተቀመጠ፤ ሰሌዳውን አየ።

«እኔ ስንት ሻማ ነኝ ጋሼ?»

«ዝም ስትል መቶ። ስትስቅ መቶ ሠላሳ።»

«ታዲያ ልሳቅ?»

«ውጭ ሳቅ።»

ውጭ ወጥቶ ሳቀ። ሱቁ ድረስ እየሳቀ ሄደ፤ እዚያም ደርሶ ምላጭ አንገቱ ላይ ያለበት ደንበኛ ሁሉ አብሮ እስኪንቀጠቀጥ አወራው። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ግንቡን እየደበደበ፣ «ጋሼ! መብራት ሄዷል፤ አንድ ዘመድ ያውሱን!» እያለ መከራውን አሳየው።

ሁለተኛዋ የሚስቱ እህት ናት። ይህች ሴት ወሬ ስትጀምር እጇም ትከሻዋም ነጠላዋም አብሮ ይናገራል። ጋሽ በሩን በርጩማው ላይ ሆኖ መለኪያውን ሲያይ፣ እሷን ሲያይ፣ መለኪያውን ሲያይ ቆየና ተነሥቶ መቶ ሃምሳ ብሎ ጻፈላት። «እኔን ነው?» አለች። «ስትቆጪ ነው» አላት። «አሁን ምን ተቆጣሁ?» «እየጀመረሽ ነው።» እንግዲህ እግዜር ያሳያችሁ፣ እህትየው ተነሣች፤ «ባልሽ ሳያቃጥለኝ ልሂድ፣ ለካ እኔ ነኝ ምድጃዋ» ብላ ወጣች። ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛ ዓመት አለፈ፤ አልተመለሰችም። እሷ በወጣች በሩብ ሰዓት መለኪያው በግማሽ ዲግሪ ወረደ። ጋሽ በሩን ሚስቱን ጠርቶ በጣቱ አሳያት።

«አየሽ?»

«አየሁ» አለች።

ድሮ ሳቋ ሦስት ቤት የሚሰማ ሴት ነበረች። አሁን ግን ምሳውን ገና ጎህ ሳይቀድ በጓሮ ትሠራለች፤ ልብስ በካውያ የምትተኩሰው ወፍ ሳይንጫጫ ነው፤ ፍሪጁን በቀን ሦስት ጊዜ ትከፍታለች፤ አራተኛ ጊዜ እጇ ወደ መያዣው ከሄደ ከሳሎን ድምፅ ይመጣል፦ «አስበሽበታል?» ቅቤ ልታወጣ ከፍታ ውኃ የረሳች ቀን፣ ውኃውን እስከ ማታ ሳትጠጣ ዋለች። ማራገቢያ እንኳ ገዝቶላት ነበር፤ ነገር ግን ከወንበሯ ብድግ ባለች ቁጥር ያጠፋዋል፦ «ማራገቢያ አየር አያቀዘቅዝም፤ ገላ ነው የሚያቀዘቅዘው። ለወንበር ማራገብ ደግሞ እብደት ነው።» ይህም ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነው። አስራ አራት ዓመት በልክ ኖረች።

በአስራ አራተኛው ዓመት በጋ ልጃቸው ወለደች።

አንዲት ልጅ ናት ያለቻቸው። የልጅቱ ባል በወር አንዴ የሚመለስ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ቤታቸው አንድ ክፍል፣ አራተኛ ፎቅ፣ ልክ ከጣሪያው ሥር። ያ ጣሪያ ኖራ የለው፣ ቀዳዳ የለው፤ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ በነሱ ላይ ይተፋዋል። ሴት ልጅ ናት የተወለደችው። ሁለት ወር ሲሞላት አንገቷና ብብቷ በሙቀት ሽፍታ ቀላ፤ ጡት ትይዝና በላብ ትደክማለች፤ ትተወዋለች። ክብደቷ መጨመር አቆመ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ህጻኗን መዘነቻት፣ ወረቀቱን ደጋግማ አየችና፣ «ይኸ ሙቀት እስኪያልፍ ቀዝቀዝ ያለ ቤት ያላችሁ ዘመድ የለም?» አለች።

ልጅቱ መሳቅ አማራት። በከተማው ውስጥ ካለው ቤት ሁሉ ቀዝቃዛው ቤት የአባቷ ነው።

እናትየው ስልኩን የተቀበለችው በሁለቱ በሮች መካከል ቆማ ነው፤ ሚስጥር የሚወራበት ሌላ ቦታ አልነበራትም። «ነይ» አለቻት። «ነይ የኔ እናት። አባትሽን ለኔ ተዪው።» ከዚያም ገብታ ነገረችው። ልትለምነው ተዘጋጅታ ነበር፤ እሱ ግን እምቢ አላለም። አያት ነው፤ የህጻኗንም ፎቶግራፍ ሰው ሳያየው ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ተነሥቶ ሰሌዳው ፊት ቆመ እንጂ። ጠመኔው ተንቋቋ።

«ልጅ፣ መቶ» አለ። «ህጻን… ህጻን ሠላሳ እንበል። የሽንት ጨርቅ መቀቀያ አለ። ወተት ማሞቂያ አለ።» አገጩን አሸ። «ይቻላል። ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ትድረስ።»

አውቶቡሱ ተበላሸ። ልጅቱ የደረሰችው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በአናቷ ፀሐይ፣ በክንዷ ህጻን፣ በትከሻዋ ሻንጣ። አንኳኳች። ጋሽ በሩን ከውስጥ ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ፤ እናትየው ግን ቀድማው ነበር፤ የውጭው ተከፈተ።

«ግቢ ግቢ ልጄ!»

ገባች። በጠባቧ ቦታ ሻንጣዋና እሷ ተጣበቁ፤ ሻንጣው የውጭውን በር አላስዘጋ አለ። የውስጡ በር አይከፈትም፤ የውጭው አልተዘጋማ።

«አባዬ፣ ክፈትልኝ፤ ልጅቷ ታፈነች!»

«የውጭውን ዝጊ።»

«አልዘጋ አለኝ! ሻንጣው ይዞታል!»

«ሻንጣውን በቁሙ አቁሚው።»

«አባዬ!»

«በሩን!» አለ ጋሽ በሩን።

ህጻኗ በዚያ ጨለማ ውስጥ ጮኸች። ሻንጣው በቁሙ ቆመ፤ ድፍ አለ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የውስጡ ተከፈተ። አያትየው የልጅ ልጁን በቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ነው። ጎንበስ ብሎ አያት፤ ጉንጯን በጣቱ ጀርባ ነካት፤ ዓይኑ እርጥብ እርጥብ አለ። ከዚያም ወደ ሰሌዳው ሄዶ «ለቅሶ፣ ሃያ» ብሎ ጨመረ።

ይሁን። ሳሎኑ ቀዝቃዛ ነበርና ህጻኗ በመጀመሪያው ቀን እስክትጠግብ ጠባች፤ ጠብታም አራት ሰዓት ተኛች። አያቷ በእግሯ ጣት እየሄደች ደጋግማ አየቻት። በሁለተኛው ቀን የአንገቷ ሽፍታ መጠውለግ ጀመረ። «ሳምንት ብትቆይልኝ ትድናለች፤ ወር ብትቆይልኝ ትፋፋለች» አለች አያትየው፤ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፤ ከስንት ዘመን በኋላም አንድ ጊዜ ሳቀች። ጋሽ በሩን ቀና ብሎ መለኪያውን አየ።

ህጻን ያለበት ቤት ግን በረዶ ቤት አይደለም። ጨርቅ ይቀቀላል፣ ውኃ ይሞቃል፣ በር ይከፈታል፣ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በር ይከፈታል። በመጀመሪያው ቀን መለኪያው ሃያ አምስት አለ። በሁለተኛው ሃያ ስድስት። ጋሽ በሩን ከጭንቀት የተነሣ ምግብ ቀነሰ። በርጩማው ላይ ሆኖ ልጁ ስትነሣ «የት ነው?» ይላል፤ ስትመለስ «ምን ቀረሽ?» ይላል፤ ጥግ ይዛ ጡት ስታጠባም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሰዓት ይመዘግባል። ልጅቱ ሰሌዳውን አንብባለች። «ልጅ፣ መቶ» ከሚለው አጠገብ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ተሥሏል።

በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ መለኪያው ሃያ ሰባት ነካ። በአስራ አራት ዓመት ያልሆነ ነው። ጋሽ በሩን ተነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንደ መሐንዲሱ ጠመኔውን አወዛወዘ።

«ምንጩ ታውቋል» አለ። «ሙቀቱን እናከፋፍላለን። ልጅና ህጻን ወደ ጓዳ ይዛወራሉ። ሳሎኑ ሲወርድ፣ በየሁለት ሰዓቱ ለሩብ ሰዓት ይመለሳሉ።»

ጓዳው ማለት ከምድጃው ጋር ግድግዳ የሚጋራው፣ መስኮት አልባው ክፍል ነው፤ የአራተኛ ፎቅ ታናሽ ወንድም።

ልጅቱ አልጮኸችም። ህጻኗን ከምንጣፉ ሳታነሣ፣ ደርቆ የተጣጠፈውን ጨርቅ አንድ በአንድ ሻንጣው ውስጥ ከተተች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ቤቴ።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«እዚያ ይሞቃል አባዬ» አለች፤ ዚፑን ስባ ሻንጣውን በትከሻዋ አነገተች። «ይሞቃል እንጂ አንመዘገብም።»

«ልጅቷስ? ሽፍታው ሳይድን?»

«ምንጩ እኛ ከሆንን ምን ልናደርግ እንቀመጥ? አንተው ነህ ምንጩ ታውቋል ያልከው።»

ጋሽ በሩን ጠመኔውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ አዛወረ። ቁጣ ጀምሮት ነበር። «እኔ ለማን ብዬ ነው? ለማን ብዬ ነው ይኼን ቤት የጠበቅሁት? ይኼ ቤት ባይኖር የት ልትመጪ ነበር? እኔ በሩን ባልጠብቀው…»

እናትየው ከጓሮ በር ብቅ አለች። በእጇ እርጥብ ጨርቅ ይዛለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ጨርቁን ወንበሩ ላይ ጣል አደረገችና ከሰሌዳው ፊት መጥታ ቆመች። ልትጮኽ ነው ብላ ልጅቱ ተሸማቀቀች። አልጮኸችም።

«ዓይኔ ደክሟል» አለች። «እስቲ ሰሌዳውን አንብብልኝ።»

ሰውየው ደነገጠ። በአስራ አራት ዓመት ውስጥ ሰሌዳውን አንብብልኝ ያለው ሰው አልነበረም። ቁጣው በረድ አለ፤ ደረቱን ነፋ።

«ሚስት፣ መቶ። ልጅ፣ መቶ። ህጻን፣ ሠላሳ፤ ለቅሶ ሲጨመር ሃምሳ። ድምር ሁለት መቶ ሃምሳ ሻማ።»

«ስንት ሰው ነው?»

«ሦስት።»

«እዚህ ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ? በጣትህ ቁጠርልኝ።»

«ምን ጨዋታ ነው አሁን?»

«ቁጠርልኝ ብዬሃለሁ።»

ቆጠረ። አውራ ጣቱ ሚስቱ፤ ሌባ ጣቱ ልጁ፤ መሀል ጣቱ ህጻኗ። ቆመ።

«አንተስ?»

«እኔማ» አለ ጋሽ በሩን፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቁ ራሱ እየገረመው፣ «እኔማ በር ጠባቂ ነኝ።»

«በር ጠባቂ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ከበሩ ው…»

ቀሪዋ ፊደል አፉ ውስጥ ቀረች። ምንጣፉ ላይ ህጻኗ ስቅ አላት። ልጅቱ እናቷን አየቻት፤ አላወቀቻትም።

«ፀጉር አስተካካዩን ቆጥረሃል» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። «እህቴን ቆጥረሃል። እህቴን መቶ ሃምሳ ብለህ፣ ይኸው ስንት ዓመቷ እግሯን ያላነሣች። እኔን ከፍሪጁ ጋር ነው የምትቆጥረኝ። ራስህን ግን አንድ ቀን ቆጥረህ አታውቅም። የማይጠፋ አምፖል ሳሎኔ መሀል አስቀምጬ፣ አስራ አራት ዓመት ሙሉ ሙቀቱ ከየት መጣ እያልን እንግዳ ስናባርር ኖርን። ደግሞ ሰው ሲቆጣ መቶ ሃምሳ ነው አልክ። አንተ ከቁጣ ወርደህ ታውቃለህ? እስቲ ጻፍ። ጠመኔው እጅህ ላይ ነው፤ እኔ እንደሆንኩ መጻፍ አልችልበትም።»

አባባሏ የነገር ነበር፤ መጻፍማ ከእሱ ይልቅ ትጽፋለች።

ጋሽ በሩን ወደ ሰሌዳው ዞረ። ጀርባውን ያየ ሰው ሊጮኽ ይሆናል፣ ሰሌዳውን ሊያወርደው ይሆናል ይላል። እሱ ግን ድምር ያምናል። ሰው ሊዋሽ ይችላል፣ ሚስት ልታሽሟጥጥ ትችላለች፤ ድምር ግን ድምር ነው። ከህጻን በታች ባለው ባዶ መስመር ላይ ጠመኔውን አሳረፈ። «በር» ብሎ ጀመረ፤ በመዳፉ አጠፋው። ስሙን ሊጽፍ ፈለገ፤ እናቱ ያወጣችለት ስም በጠመኔ ተጽፎ ስለማያውቅ እጁ አልታዘዝ አለው። በመጨረሻ «እኔ» ብሎ ጻፈ። ከጎኑ «መቶ»። ዘወር ብሎ ሚስቱን አያት። አጠፋውና «መቶ ሃምሳ» አለ።

ደመረ። አራት መቶ። አንድ ጊዜ ደግሞ ደመረ፤ ያው አራት መቶ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም መስመር የራሱ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በረዶ ቤቱ ውስጥ ሥራ የሌለውን ሰው አንድ ደቂቃ አላቆየም። አለቃ ሲሆን «አለቃ፣ ጨረሱ?» ይላል፤ ጫኝ ሲሆን «ምን ትሠራለህ እዚህ?» ይላል። አሁን በዓይኑ ሳሎኑን ዞረው። ልጅቱ ታጠባለች። ሚስቱ ታጥባለች። ህጻኗ ትተኛለች፤ መተኛት ሥራዋ ነው። መለኪያው ሃያ ሰባት ላይ ቆሟል፤ ውጭው ሠላሳ ሰባት ይሆናል። መስኮት ሊከፈት ገና ከአራት ሰዓት በላይ ይቀራል።

«የገባበት ሰዓት» በሚለው ሥር ምን እንደሚጽፍ አላወቀም፤ ባዶውን ተወው። «የወጣበት ሰዓት» በሚለው ሥር ሰባት ከሩብ ብሎ ጻፈ። ጠመኔውን በቦታው አኖረ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ጎንበስ ብሎ በርጩማዋን በአንድ እግሯ አነሣ። የሰው ፊት አላየም። መጣሁ አላለም፤ ደህና ዋሉ አላለም። የውስጡን በር ከፈተ፤ ከበርጩማው ጋር በጠባቧ ቦታ ተሸጎጠ፤ የውስጡን በር ወደ ራሱ ስቦ አገጣጠመው። ልጅቱ የሻንጣውን ማንጠልጠያ ከትከሻዋ አወረደች። ከበሩ ጀርባ፣ በርጩማዋ የውጭውን በር ስታስቸግረው፣ በቁሟ ስትቆም፣ ተሰማ፤ የውጭው በር መቀርቀሪያ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ፤ ከዚያም ጎማው አየሩን ጨመቅ አደረገና፦

ድፍ!